ድመት አጣቢዋ መርማሪ፦ ጅማ ላይ የሚፈታ የወንጀል ልብወለድ አጻጻፍ

ድመት ከዋለችበት ሁሉ የሆነ ነገር ይዛ ትመለሳለች፤ ጭጎጎት፣ የቡና ገለባ፣ የጎረቤት ጭስ፣ የሌላ ድመት ጭረት። ባለቤቷ ይህን አያይም። ጭኑ ላይ ትወጣለች፣ ጀርባዋን ይደባብሳታል፣ በዚያው ያበቃል። አጥባ፣ አድርቃ፣ ፀጉሯን እስከ ሥሩ እየከፈለች የምታበጥራት ሴት ግን ድመቷ የት እንደዋለች ማወቅ ትችላለች። መርማሪያችንን ድመት አጣቢ የምናደርጋት ለዚህ ነው፤ ከፖሊስ ቀድማ እውነቱ ላይ የሚያደርሳት ሙያዋ ነው።

የማወራው ደም ስለማይበዛበት የወንጀል ልብወለድ ነው። ሟቹ የሚሞተው ከገጹ ውጭ ነው። ቦታው ሁሉም ሁሉን የሚያውቅበት ሰፈር ነው። የምትመረምረው ሰው ሌላ መተዳደሪያ አላት፤ ፍንጮቹ በሙሉ አንባቢው ዓይን ሥር ይቀመጣሉ፤ መጨረሻ ላይ እውነቱ ይወጣል። ጅማ ለዚህ የተሰጠች ከተማ ናት። ጎረቤት ለቡና ይጠራራል፤ ነጋዴው፣ ተማሪውና ጫኝ አውራጁ በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ፤ መጋዘን ያለው ሰውም ለአይጡ ሲል ድመት ያኖራል።

አንድ፦ እጇን እወቁ

ከሴራው በፊት ሙያውን ተማሩ። ድመት ያለው ሰው ፈልጉና አንድ ቅዳሜ አብራችሁት እጠቡ። እኔ የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፍኩት አንዲትም ድመት ሳልነካ ነበር። ያነበበችልኝ የእንስሳት ሐኪም በሦስት ገጽ ውስጥ ሰባት ስህተት አሰመረችበት፤ ምዕራፉን እንዳለ አውጥቼ ከአዲስ ጀመርኩ።

ድመት ራሷን በምላሷ ስለምታጸዳ ቶሎ ቶሎ መታጠብ አያስፈልጋትም። የምትታጠበው ቅባት፣ ጭቃ ወይም መርዝነት ያለው ነገር ሲነካት፣ አለዚያም ፀጉረ ረጅም ሆና ሲቋጠርባት ነው። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ጭንቅላቷ ላይ አይፈስም፤ ፊቷ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የሰው ሻምፖ ለቆዳዋ አይስማማም። ፀጉሯ የሚቋጠረው ከጆሮዋ ጀርባ፣ ብብቷ ሥር፣ ሆዷ ላይና ከኋላ እግሮቿ በስተጀርባ ነው። ቋጠሮውን በመቀስ መቁረጥ የጀማሪ ስህተት ነው፤ የድመት ቆዳ ስስና ልል ስለሆነ ከቋጠሮው ጋር ተስቦ መጥቶ አብሮ ይቆረጣል። ሥሩን በጣት ቆንጥጦ ይዞ፣ ከጫፍ ጀምሮ ቀስ በቀስ በማበጠሪያ መፍታት ነው። ጥፍር ሲቆረጥ ጫፉ ብቻ ነው፤ ሮዝ መልክ ባለው ክፍል ውስጥ ደም ሥር አለ። የጥፍሩ የውጭ ሽፋን ደግሞ በየጊዜው እንደ ቅርፊት ይላቀቃል፤ የቧጨረችበት ጆንያ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ይህችን አስምሩባት፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ስለ ቀለምም እወቁ። ብርቱካናማውን ቀለም የሚወስነው ዘረመል ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ጥቁርና ብርቱካናማ አንድ ላይ እንዲታይ ሁለት ኤክስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥቁር፣ ብርቱካናማና ነጭ የተቀላቀለባት ባለሦስት ቀለም ድመት፣ እጅግ ብርቅ ከሆኑት በስተቀር፣ ሴት ናት። መርማሪያችን ክሮሞዞም የሚባለውን ባታውቅ እንኳ ይህን ከልምድ ታውቃለች።

መርዙን በተመለከተ፦ ለውሻ ቁንጫ የሚሸጥ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ሊገድላትም ይችላል። ፓራሲታሞልም ለድመት መርዝ ነው። ይህን ለሴራችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ ድመቷን ግን አትግደሉ። የዚህ ዓይነት ልብወለድ አንባቢ የሰው ሞት ይችላል፤ ድመቷ ከሞተች መጽሐፉን ዘግቶ ያስቀምጠዋል። ብትንቀጠቀጥ፣ በባጃጅ ወደ ሐኪም ብትወሰድና ብትድን ይበቃል። ጅማ ላይ የእንስሳት ሐኪም ገጸባሕርይ ማስገባት ቀላል ነው፤ የዩኒቨርሲቲው የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው።

በድመት ብቻ መተዳደር ግን ይከብዳል። ስለዚህ ሰሚራ ብለን የምንጠራት መርማሪያችን የሴቶች ፀጉር ቤት ይኑራት፤ ድመቶቹን ከጓሮ ባለው ክፍል ታጥባለች። ከፊት ወሬ ይገባል፣ ከኋላ ድመት ይገባል። ብዙ ሙስሊም በሚኖርበት ከተማ ድመት ቤት ውስጥ መኖሯ ማንንም አያስደንቅም፤ ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ የሚታወቁት አቡ ሁረይራ፣ ማለትም የድመት ግልገል አባት፣ በሚለው ስም ነው። ይህን አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ድመታቸውን ሲያስረክቡ ጣል ቢያደርጉት የሰሚራ ሥራ በአንባቢው ዘንድ ክብር ያገኛል።

ሁለት፦ ከተማዋ ሥራ ትሥራ

መፈተኛው ይህ ነው፦ ታሪኩን ሳትለውጡ ወደ አዳማ ማዛወር ከቻላችሁ ጅማ ላይ አልጻፋችሁትም። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጂፋር ቤተ መንግሥት በመጀመሪያው ገጽ ገልጻችሁ ሁለተኛ ካልተመለሳችሁበት አውጡት። ፈረንጅ አራዳ፣ ሒርማታ፣ አዌቱ ወንዝ የሚጠሩት የሆነ ሰው እዚያ የሚሠራው ነገር ሲኖር ነው።

ወቅቱን ጥቅምት መጨረሻ አድርጉት። ቡናው ይለቀማል፣ ይሰጣል፣ ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀው ቡና፣ በጆንያ ወደ መጋዘን ይገባል። ገንዘብ እጅ ለእጅ ይዘዋወራል፤ ለለቀማ ከሌላ አገር የመጣ ሰውም ስለሚበዛ ሁሉም «እንግዳው ነው» ለማለት ይቸኩላል። የሚዛኑን ቋንቋ ተማሩ፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ ለውጭ ገበያ የሚሄደው ጆንያ 60 ኪሎ ይይዛል። በደንብ የደረቀ ቡና እርጥበቱ ወደ 11 ወይም 12 በመቶ መውረድ አለበት። እርጥብ ቡና በደረቅ ዋጋ የገዛ ሰው ውሃ ገዝቷል። ሰው የሚጣላበት፣ ሲከፋም የሚገዳደልበት ምክንያት እዚህ ውስጥ አለ።

ዝናቡንም አትርሱ። ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው፤ ለቀማ ላይ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም የተሰጣ ቡናውን ለመሸፈን ይሮጣል። ስለዚህ ያ ዝናብ ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረ ሰፈሩ በሙሉ ያስታውሳል። ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ምስክር አያገኝም።

ብዙ ከተማ ላይ የማታገኙት ደግሞ ዝባድ፣ ማለትም ጥርኝ የሚያወጣው ጠረናም ቅባት፣ ነው። በሊሙና በጅማ አካባቢ ጥርኝ በሳጥን አኑረው ዝባዱን በማንኪያ እየፋቁ በቀንድ የሚያጠራቅሙ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ አሉ፤ ለሽቶ ሥራ ወደ ውጭ ይላካል። ጠረኑ ብርቱ ነው፤ ጨርቅ ወይም ፀጉር ከነካ ለቀናት አይለቅም። አሁን ይህን ጠረን የአንዲት ቤት ድመት ጀርባ ላይ አስቀምጡት።

ሦስት፦ ከመጨረሻው ጀምሩ

አንባቢ ከፊት ወደ ኋላ ያነባል፤ እናንተ ከኋላ ወደ ፊት ጻፉ። በመጀመሪያ የሆነውን ነገር በአንድ ገጽ፣ ያለ ምንም ምስጢር፣ ለጓደኛ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ አስፍሩት። የእኔ ምሳሌ እንዲህ ነው።

ሒርማታ አካባቢ የቡና መጋዘን ያላቸው አንድ ሐጂ ዓርብ ጠዋት መሰላል ሥር ሞተው ተገኙ። ወደቁ ተባለ። የመጋዘኑ ቡና መዛኝ «ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሐጂን ሸኝቼ ቆለፍኩ፤ ሌሊት በራሳቸው ቁልፍ ተመልሰው ሳይገቡ አይቀርም» ይላል። ድመቷ እንደወትሮው ውስጥ ነበረች ይላል። ድመቷ ደማ ትባላለች፣ በኦሮምኛ ማር ማለት ነው፤ ፀጉረ ረጅም ባለሦስት ቀለም ናት። ዓርብ ጠዋት መጋዘኑ ሲከፈት ደማ የለችም። ቅዳሜ አንዲት ጎረቤት ጭጎጎት በጭጎጎት ሆና አግኝታ ሰሚራ ዘንድ ታመጣታለች።

እውነቱ፦ መዛኙ ከአንድ አቅራቢ ጋር ተስማምቶ እርጥብ ቡና በደረቅ ዋጋ ሲያስገባ ቆይቷል። ሐጂ ሐሙስ ማታ አንድ ጆንያ ፈትተው እጃቸውን ሲከቱ ደረሱበት። ተጨቃጨቁ፤ ገፋቸው። ሊገድላቸው አላሰበም፤ ነገር ግን በሕይወት እያሉ ሰው አልጠራም። እርጥቦቹን ጆንያዎች ለማውጣት በሩን ሲከፍት ደማ ሾልካ ወጣች፤ ውጭው ዝናብ ነበር።

«ሰው አልጠራም» የሚለውን ልብ በሉ። ለስላሳ በሆነ የወንጀል ልብወለድ ውስጥ ጥፋተኛው ጭራቅ አይሁን። ሰላምታ ስንለዋወጠው የኖርነው ሰው በአንዲት ሰዓት ውስጥ የመረጠው ምርጫ ነው የሚያሳዝነው።

አራት፦ ፍንጩ በእጇ በኩል ይለፍ

መጽሐፉ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ውሰዱበት። ሰሚራ እውነቱን በር ላይ ቆማ ሰምታ ካወቀችው ድመት አጣቢ መሆኗ ከንቱ ነው። ዋናዎቹ ፍንጮች ማበጠሪያዋ ላይ ይምጡ።

የደማ ፀጉር ሦስት ንብርብር አለው እንበል። ከላይ ዝባድ ይሸታል። ከሥሩ ጭጎጎቱ ተጠላልፏል። ጭጎጎቱን ፈትታ ስትጨርስ ከጆሮዋ ጀርባ ባለው ቋጠሮ ውስጥ፣ ቆዳው ድረስ፣ የደረቀ ቀይ ጭቃ ታገኛለች። ከላይ ያለው የመጨረሻው ነው፣ ከሥር ያለው የመጀመሪያው። ዝባዱ የቅዳሜ ነው፣ ጭጎጎቱ የዓርብ፣ ጭቃው የሐሙስ ማታ። ዓርብና ቅዳሜ ጠብታ አልዘነበም፤ ሐሙስ ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ዘንቧል፤ ቡናውን ለመሸፈን የሮጠ ሁሉ ይመሰክራል። እንግዲያው ደማ በዝናቡ ጊዜ ውጭ ነበረች፣ 12 ሰዓት ላይ ተቆለፈ የተባለው በርም ከ12 ሰዓት በኋላ ተከፍቷል። ድመት ራሷን ትልሳለች ብሎ የሚከራከር አንባቢ ይኖራል፤ ጭቃውን ከጆሮ ጀርባ ያስቀመጥኩት ምላሷ እዚያ ስለማይደርስ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ አንባቢ ከመጠየቁ በፊት ራሳችሁ ጠይቁት።

ሁለተኛው ፍንጭ ያቺ የጥፍር ሽፋን ናት። የሐጂ መጋዘን ጆንያ ነው ተብሎ በማይታወቅ፣ አቅራቢው ግቢ ውስጥ በተከመረ እርጥብ ጆንያ ላይ ተሰክታ ትገኛለች፤ አጠገቧም ብርቱካናማና ጥቁር ፀጉር አለ።

ሦስተኛውን አማርኛ ራሱ ይሰጣችኋል፤ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። መዛኙ ለፖሊስ ሲናገር «ድመቱን በእጄ አንስቼ ውስጥ አስገባሁት» ይላል። «አስገባኋት» አላለም። ይህች ባለሦስት ቀለም ድመት ሁለት ጊዜ ወልዳለች፣ ሰፈሩ ያውቃታል፤ በእጁ አንስቷት የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። አንባቢው በአንዲት ፊደል ላይ አልፎት ይሄዳል። ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በኦሮምኛ ወይም በዳውሮኛ አፉን የፈታ ሰው በአማርኛ ሲናገር ፆታ ሊያምታታ ይችላል፣ ያ ጥፋት አይደለም። መዛኙ አማርኛን አሳምሮ የሚናገር ሰው ይሁን፤ ሰሚራም በዚህ ብቻ አትፍረድበት፣ ጥርጣሬዋን ብቻ ያንቃ።

በ1930 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የተመሠረተ የምርመራ ልብወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር አባላቱን መሐላ ያስገባ ነበር፤ መርማሪያቸው በራእይ፣ በአስማት ወይም በአጋጣሚ እንዳይደርስበት፣ ወሳኝ ፍንጭም ከአንባቢ እንዳይደበቅ። እኛም አገር ይህ መሐላ ያስፈልገናል። ድሮ ሌባ ሻይ በሚባለው ሥርዓት መድኃኒት ያጠጡት ልጅ እየሮጠ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር፤ ስንቱ ንጹሕ ሰው በዚህ ተዋርዷል። ሰሚራ ሕልም አይታ ወይም ቃልቻ ጠይቃ ከፈታችው ያንኑ መድገማችን ነው።

የዘረመል ምርመራ ላድርግ ብላችሁ ካሰባችሁ መነሻ አለ። በ1994 እ.ኤ.አ. ካናዳ፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ላይ በደም የተነከረ ጃኬት ውስጥ የተገኘ ነጭ የድመት ፀጉር የተጠርጣሪው ቤት ድመት መሆኑ በዘረመል ምርመራ ታውቆ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኗል። ድመቷ ስኖውቦል ትባል ነበር። ታሪኩን ሐኪሟ ለሰሚራ ብታወራላት ደስ ይላል፤ እንቆቅልሹን ግን ላቦራቶሪ አይፍታው።

አምስት፦ ዳዋውን ምቱ

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚለው ተረት ለአሳሳች ፍንጭ የተነገረ ይመስለኛል። ዝባዱ ሰፈሩን ወደ ጥርኝ አርቢው ይመራዋል፤ ዝምተኛ ነው፣ ግቢውን አያስገባም፣ ከሐጂ ጋርም በድንበር ተጣልቶ ያውቃል። በእርግጥም ደማ እሱ ዘንድ ነበረች፤ ርቧት መጥታ ለጥርኙ ካዘጋጀው ሥጋ ስላበላት ነው። ዝም ያለው ሌባ እንዳይባል ፈርቶ ነው። አሳሳች ፍንጭ ጥሩ የሚሆነው እውነተኛ ምክንያት ሲኖረው ነው፤ ሲፈታም ለተጠረጠረው ሰው ያለንን ስሜት ይለውጣል።

ሌላው ሰዓት ነው። የዩኒቨርሲቲ እንግዳ ተመራማሪ «በ7 ሰዓት መጋዘኑ ውስጥ መብራት አየሁ» ይላል። ሰዎች እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው ብለው ያስባሉ፤ እሱ ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ የእኛ ምሽት 1 ሰዓት። ስልኩ የሚያሳየውን ሰዓት ቀደም ባለ ምዕራፍ አንድ ጊዜ አሳዩ፣ አለዚያ ማታለል ይሆናል።

ተጠርጣሪዎቹ ከአራት እስከ ስድስት ይበቃሉ። የማንንም ብሔር ወይም ሃይማኖት ፍንጭ አታድርጉ። በዚህ ላይ አልደራደርም፤ በልብወለድ ውስጥ የተዘራ ጥርጣሬ ከመጽሐፉ ወጥቶ መንገድ ላይ ይሄዳል።

ስድስት፦ ጥያቄው ቡና ላይ ይጠየቅ

ሰሚራ ፖሊስ ስላልሆነች ጠርታ መጠየቅ አትችልም። ትጠራለች፣ ትጠጣለች፣ ትሰማለች።

«እማማ፣ ከየት አገኙዋት?»

«ከአጥሬ ሥር ናታ፣ ልጄ። ዛሬ ጠዋት ነው። ምነው?»

«ጠረኗ ገርሞኝ።»

«እኔስ መች ሳተኝ! ያ የጥርኝ ሰውዬ ጋ ገብታ ነው እላለሁ። ሐሙስ ያን ሁሉ ዝናብ የት ተጠልላው ይሆን? በይ አቦሉን ቅጂልኝ።»

ሴትዮዋ ሁለት ነገር ተናገሩ፤ ጮክ ያለው ስለ ጥርኙ ነው፣ ዋናው ግን ዝናቡ ነው። ፍንጭ እንዲህ ይደበቃል፤ ከእሱ የሚጮህ ነገር አጠገብ አስቀምጡትና ወዲያው ቡና ይቀዳ። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ ማን በቶና ላይ ተነስቶ እንደሄደ መጻፍም ራሱን የቻለ ፍንጭ ነው።

ሳጅኑን ሞኝ አታድርጉት። ሥራ የበዛበት፣ ጨዋ ሰው ይሁን፤ ሰሚራ ያገኘችውን አትደብቀውም። ቋጠሮውን ከነጭቃው በወረቀት ጠቅልላ ቀኑን ጽፋበት ትሰጠዋለች።

ሰባት፦ መሰብሰቢያው

በዚህ ዓይነት ልብወለድ መጨረሻ ላይ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው የቀድሞ ሥርዓት የአካባቢው ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ይቆይ ነበር። ዛሬ ላይ ሲሆን ምክንያት ፍጠሩ፦ ገበሬዎች በሚዛን ተበደልን ብለው ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ መዛኙ ሊመልስ መጥቷል፣ ሳጅኑ ጥግ ላይ አለ፣ ሰሚራ ደማን በቅርጫት ይዛ ገብታለች። ድመቷ ወንጀለኛውን አይታ እንድትጮህ አታድርጉ። ትተኛ። ሰሚራ ንብርብሩን ከላይ ወደ ታች ትዘርዝር፤ እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን አንዲት ነገር ይጨምርላት፤ መዛኙ ዝናቡ ሲነሳ አንገቱን ይድፋ። ሽማግሌዎቹ የሚዛኑን ጉዳይ ይጨርሱ፤ የሐጂን ሞት ግን ለሳጅኑ ያስረክቡት።

ስምንት፦ ፈትኑት

ረቂቁን ከመሰብሰቢያው ምዕራፍ በፊት ቁረጡና ለሦስት ሰው ስጡ፤ ቢቻል አንዱ ጅማ የኖረ፣ አንዱ ድመት ያለው፣ አንዱ ቡና መዝኖ የሚያውቅ። በወረቀት ላይ የጠረጠሩትን ሰውና የጠረጠሩበትን ገጽ ይጻፉ። ሦስቱም መዛኙን ከጻፉ «አስገባሁት» የሚለው ቃል በጣም ገኖ ወጥቷል ማለት ነው፤ ረዘም ባለ ንግግር መካከል ቅበሩት። መጨረሻውን ካነበቡ በኋላ ወደ ኋላ ገልጠው «እዚህ ጋ ነበር» ብለው ጣታቸውን የሚያሳርፉበት ገጽ ካጡ ደግሞ ዝናቡን ቀደም ብሎ አንድ ጊዜ ጨምሩበት፤ አንዲት ሴት ፕላስቲክ ይዛ ወደ ቡናዋ ስትሮጥ፣ ደማ በአጠገቧ ስታልፍ።